በፍቺ ስምምነት ውስጥ የሕፃኑ ሕክምና የት አለ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ፍቺ ሲጻፍም ሲወራም ቤቱ ለማን ይድረስ፣ ቀለቡ ስንት ይሁን፣ አባት በየስንት ቀኑ ልጁን ይይ የሚለው ይበዛል። ከዓመት በታች ያለ ሕፃን ሲታመም ማን እንደሚወስን የሚያነሳ ጥቂት ነው። እኛ አንዳችን በሕፃናት ነርስነት፣ አንዳችን በቤተሰብ ጉዳይ ጥብቅና የምንሠራ ነን። ጠቡ የሚፈነዳው ሆስፒታል ውስጥ ቢሆንም ሥሩ ያለው ከወራት በፊት በተፈረመው የፍቺ ስምምነት ላይ ነው የሚል እምነት አለን። ስምምነቱ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ አባት በወር ይህን ያህል ብር ይከፍላል፤ እሁድ እሁድ ይጎበኛል።» ማን ያሳክማል፣ ማን ይፈርማል፣ የቀዶ ሕክምና ወጪ ቢመጣ ማን ይሸፍናል፣ ባይስማሙስ ምን ይደረጋል? አንዱም አልተጻፈም።

ሕጉ ግን ይህን አልዘነጋም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 113 ላይ ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን ስለ ልጆች አኗኗር፣ ትምህርት፣ ጤንነት፣ ቀለብና ከወላጆቻቸው ጋር ስለሚጠያየቁበት ሁኔታ እንዲወስን ያዛል። ጤንነት ከቀለብ ተለይቶ በስሙ የተጠራ ጉዳይ ነው። ባልና ሚስት በስምምነት ሲፋቱ ደግሞ አንቀጽ 80 አለ፤ ስምምነቱ የልጆችን ደህንነት በበቂ ሁኔታ የማያስጠብቅ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የጎደለውን ማስተካከል ይችላል። ብዙ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ባሕር ዳር ወይም አዳማ ያለ አንባቢ የአንቀጹን ቁጥር ከክልሉ ሕግ ይመልከት።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነጥብ አለ። ተኳርፈው የተለያዩ እንጂ ያልተፋቱ ወላጆች ጋብቻቸው እስካለ ድረስ ሁለቱም የልጁ አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው፤ አንቀጽ 219 ይህን ይላል። እናት ሕፃኑን ይዛ ወላጆቿ ቤት ስለገባች የአባትየው ሥልጣን አይቀርም። አባት ገንዘብ ስለሚሰጥም ብቻውን ወሳኝ አይሆንም።

ሆስፒታል ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ለምርመራ፣ ለክትባትና ለተለመደ ሕክምና ሕፃኑን ያመጣው ወላጅ ቃል ይበቃል። ለቀዶ ሕክምናና ለማደንዘዣ የስምምነት ፎርም ይፈረማል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርመውም ያመጣው ወላጅ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሌላኛው ወላጅ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደውሎ ወይም በሩ ላይ ቆሞ «እኔ አልፈቀድኩም» ሲል ነው። ጉዳዩ ድንገተኛ ካልሆነ ሐኪሙ ቀጠሮውን ያዛውራል፤ ምክንያቱም ሐኪም ዳኛ አይደለም። ተራው ይቃጠላል፣ ሕፃኑ ያለ ጥቅም ሲጾም ያድራል፣ አዲሱ ቀጠሮም ከሳምንታት በኋላ ይሆናል። ድንገተኛ ሲሆን ግን የማንም ክርክር አይጠበቅም። ጡት መጥባት ያቃተው፣ የሚሰጠውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንዘፈዝፈው ወይም ሲነካ የማይነቃ ሕፃን ያገኘው ወላጅ ሌላውን ለማስፈቀድ ሳይደውል ይዞት ይሂድ። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን በብብት የተለካ 37.5 ዲግሪ ትኩሳት ብቻውን ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬድ ምልክት ነው። ቡአ ያለበት ሕፃን እብጠቱ ከጠነከረና አልመለስ ካለ፣ ማስመለስም ከጀመረ፣ የቀረው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው።

ከባዱ መሃል ላይ ያለው ነው፦ ዛሬ የማይገድል፣ ቢዘገይ ግን የሚያበላሽ። እያንዳንዱ ሕክምና የራሱ ቀን አለው፤ ወላጆች ሲጣሉም ቀኑ አይቆምላቸውም።

ከክትባት እንጀምር። ከውልደት ቀጥሎ ያሉት ቀጠሮዎች 6ኛው፣ 10ኛውና 14ኛው ሳምንት ናቸው፤ በቀን ሲቆጠር 42፣ 70 እና 98። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር ነው። አሁን ይህን ከክርስትና ጋር አስተያዩት። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። «ክርስትና ሳትነሳ ከቤት አትወጣም» የሚሉ አያት ባሉበት ቤት ወንዱ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ይደርሳል፤ ሴቷ ግን ሁለት ዙር ያልፋታል። ቀጠሮውን የምታውቅ እናት ሕፃኗን አልብሳ ጤና ጣቢያ ደርሳ ትመለሳለች፤ አባትና የአባት እናት ደግሞ «ብርድ አስመታቻት» ብለው ጠቡን ይጀምራሉ። አጠገባቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ካለች የእሷ ቃል ከሁለቱም ወላጆች በላይ ይደመጣል፤ አያቶችን እሷ ታስረዳ። አንድ ነገር እንጨምር፦ የኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ብልቃጥ የብዙ ሕፃናት ነው፤ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ ብዙ ጤና ጣቢያዎች በተወሰነ ቀን ብቻ ይከፍቱታል። «ነገ ይወሰዳል» የሚባለው በተግባር ወደ ሚቀጥለው ሳምንት ሊዞር ይችላል።

ክትባት የሚከለክል ወላጅ የወንጀል ሕጉን ያንብብ። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 አንቀጽ 561 ሕፃንን ለሞት ከሚያበቁ ጎጂ ልማዶች መካከል እንጥል መቁረጥ፣ የወተት ጥርስ ማውጣት፣ ቅቤ ማዋጥና ከፀሐይ መከልከል ይጠቀሳሉ፤ ከክትባት መከልከልም እዚያው ተቀምጧል። እንጥል ማስቆረጥ በተለያዩ ወላጆች መካከል የሚነሳው ሕፃኑ ለጉብኝት ሄዶ ሲያስል ነው። አንዱ ወገን ሳይነግር ያስቆርጣል፤ ሕፃኑ ሲመለስ ምራቁ በደም ተቀላቅሎ፣ ጡት አልይዝ ብሎ ይመጣል። እዚህ ላይ የሁለት ወላጆች የሐሳብ ልዩነት የሚባል ነገር የለም፤ ሕፃኑን ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድና በዚያው የሐኪም ማስረጃ መያዝ ነው።

ጠበልን በተመለከተ ግን ጠቡ ብዙ ጊዜ በከንቱ ነው። አቡነ ጳውሎስ በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ሕፃኑን ጠበል የሚወስደው ወላጅ መድኃኒቱን በሰዓቱ እስከሰጠና ሕፃኑን ከብርድ እስከጠበቀ ድረስ ሌላው ወላጅ ለምን እንደሚከራከር አይገባንም። የሚያጣላው «መድኃኒቱን አቁሙ» ሲባል ነው፤ ያን ጊዜ የንስሐ አባትን ማማከር ከጠበቃ ይቀድማል።

በሁለት ቤት መካከል የሚበላሽ ሕክምና ምን እንደሚመስል ለማየት ቆልማማ እግርን እንውሰድ። እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ባለሙያው እግሩን በእጁ ቀስ አድርጎ እያቃና ከጭኑ እስከ ጣቱ ጀሶ ያስረዋል፤ በየሳምንቱም ይቀይረዋል። ከ5 እስከ 7 ጀሶ የተለመደ ነው። ከዚያ አብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዝ ጅማታቸው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይላቀቅና የመጨረሻው ጀሶ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ቀጥሎ ሁለት ጫማ በብረት ዘንግ የተያያዘበት መደገፊያ ይመጣል፤ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም ሕፃኑ ሲተኛ ብቻ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ይደረጋል።

ብልሽቱ የሚገባባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው የጀሶ ዋዜማ ነው። ሕፃኑ ያለቀሰበት ወላጅ ጀሶውን ማታ ውኃ አርሶ ያወልቀውና «ነገ ይቀየር የለ እንዴ» ይላል። በአንድ ሌሊት እግሩ ወደ ነበረበት ማዘንበል ይጀምራል፤ የሳምንቱ ሥራ ይቀንሳል። ጀሶ የሚወልቀው እዚያው ክሊኒክ፣ አዲሱ ከመታሰሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሁለተኛው ጣቶቹን አለማየት ነው። ሕፃኑን ሲረከቡ አውራ ጣቱን ጫን አድርጎ መልቀቅ፤ ነጣ ብሎ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልቀላ፣ ወይም ጣቶቹ አብጠው ከጠቆሩ፣ ጀሶው ጠብቋልና ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ነው። ጣቶቹ ወደ ጀሶው ውስጥ ገብተው ከጠፉም ጀሶው ተንሸራቷል፤ እሱም ያው ነው። ሦስተኛውና የከፋው የመደገፊያ ጫማው ነው። እግሩ ተቃንቶ ስለሚታይ ለጉብኝት የወሰደው ወላጅ «ደኅና ነው፣ ለምን ይሠቃያል» ብሎ ያወልቅለታል። ቆልማማ እግር ተመልሶ የሚመጣው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚዘለል ጫማ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ሌሊት ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ «ማን አበላሸው» ብሎ መካሰስ ሕፃኑን መልሶ ጀሶ ውስጥ ከመግባት አያድነውም። ስለዚህ ክሊኒኩ የሚሰጠውን የጫማ አጠቃቀም ትምህርት ሁለቱም ወላጆች፣ ባይተያዩ እንኳ በተለያየ ቀን፣ ሄደው ይውሰዱ። ባለሙያው ለአንዱ ያሳየውን አንዱ ለሌላው በስልክ ሲያስረዳ ማሰሪያው ይላላል።

መድኃኒት አሰጣጡ ሌላው የአደጋ ቦታ ነው፤ ፓራሲታሞል ብቻ ይበቃል ለምሳሌ። መጠኑ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። 5 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ 3 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ጠብታው ግን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም የሆነ አለ። እናት ቤት ሽሮፕ፣ አባት ቤት ጠብታ ካለና በስልክ «3 ሚሊ ስጠው» ከተባባሉ ሕፃኑ አራት እጥፍ ይወስዳል፤ ይህ ከተደጋገመ ጉበት ሊጎዳ የሚችል መጠን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ ጠርሙስና አንድ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከሕፃኑ ጋር በቦርሳው ይመላለሱ፣ በጠርሙሱ ላይ ከታዘዘው መጠን ጋር በተለጠፈ ወረቀት መጨረሻ የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍ። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ከጠዋቱ 2»፣ «ከምሽቱ 2» ብላችሁ ጻፉት፤ «8፡00» ብሎ መጻፍ አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት እንዲረዳው ያደርጋል። በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ 6 ሰዓት ይኑር። በውኃ የሚበጠበጥ የአሞክሲሲሊን ዱቄት ከተበጠበጠ በኋላ ባብዛኛው ከ7 ቀን በላይ አይቆይም፤ የተበጠበጠበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ ባለፈው ሳምንት እናት ቤት የተረፈውን አባት ለአዲስ ሕመም ይሰጠዋል።

የክትባት ካርዱም እንዲሁ። ዋናው ካርድ ከሕፃኑ ጋር ይሂድ፣ ሁለቱም ፎቶ አንስተው በስልካቸው ይያዙ። ካርዱን እንደ መያዣ የሚያስቀር ወላጅ አጋጥሞናል ብንል ማንም አይገረምም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላቸው ደግሞ አባልነቱ በቤተሰብ ደረጃ መሆኑን አይርሱ። ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ሌላ ወረዳ ሲኖር፣ መታወቂያው በአባወራው እጅ ከቀረ፣ መድኑ አለ ማለት አይቻልም። ከመለያየት በኋላ የመጀመሪያው የምዝገባ ወቅት ሲመጣ ሕፃኑን በሚኖርበት ቤት ማስመዝገብ ይገባል።

እንግዲህ በስምምነቱ ላይ ምን ይጻፍ? ጠበቃ ባይኖር እንኳ የሚከተለው ሐሳብ በቀላል አማርኛ ሊሰፍር ይችላል። መደበኛ ክትባትና ተራ ሕመም ሕፃኑን በያዘው ወላጅ ብቻ ይታከማል፤ ለሌላው በዚያው ቀን ይነገራል። በድንገተኛ ጊዜ ማንኛውም ወላጅ ብቻውን ይፈርማል። ቀጠሮ የሚያዝለት ቀዶ ሕክምና ወይም ረጅም ሕክምና ሲመጣ ወላጁ የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ ለሌላው ይልካል፤ የሚቃወም በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቃወም፤ ተቃዋሚው በራሱ ወጪ፣ በዚያው ሙያ ከተሰማራ ሌላ ስፔሻሊስት በ14 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ሐሳብ ያምጣ። ካላመጣ የመጀመሪያው ሐኪም ዕቅድ ይቀጥላል። ሐኪሙ «ይህን ያህል መጠበቅ አይቻልም» ብሎ ከጻፈ ቀኑ በዚያው ልክ ያጥራል። ሁለቱ ስፔሻሊስቶች ባይስማሙ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቀኖቹ የእኛ አስተያየት ናቸው፤ ዋናው ቀን መኖሩ ነው። እንዲህ ያለ ስምምነት የሕፃኑን ጥቅም የሚጎዳ ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤት እንደሚያሻሽለው ግን ይታወቅ።

ወጪው ተለይቶ ይጻፍ። በአንቀጽ 197 መሠረት ቀለብ ምግብን፣ መጠለያንና ልብስን ብቻ ሳይሆን ጤናንና ትምህርትንም ይሸፍናል። በወር የሚቆረጠው ብር ግን የተተመነው ለወተት፣ ለዳይፐርና ለቤት ኪራይ ታስቦ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ደረሰኝ ሲመጣ አባት «ቀለቤን ከፍያለሁ» ይላል፣ እናትም «ያ ለምግብ ነው» ትላለች። ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም። «ከወር ቀለብ ውጭ፣ በደረሰኝ የተረጋገጠ የሕክምና ወጪ በየድርሻው በ10 ቀን ውስጥ ይከፈላል» የሚል አንድ መስመር ይህን ይዘጋዋል።

ሽማግሌ ይግባ የሚሉ አሉ፤ ይግባ። ሽማግሌ የወጪ ድርሻ ያስማማል፣ የተቆራረጡ ሰዎችን ስልክ ያነሳሳል፤ የጀሶ ቀን ግን መቀየር አይችልም። ስለዚህ ሽምግልናው ከሐኪሙ ቀን በፊት እንዲያልቅ ይሁን፣ የሐኪሙ ወረቀትም ሽማግሌዎቹ ፊት ይነበብ።

ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። የፍቺው መዝገብ ገና ክፍት ከሆነ አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያስችለዋል። መዝገቡ ከተዘጋ አንቀጽ 113 ሁኔታዎች ሲለወጡ ውሳኔው እንዲሻሻል ለመጠየቅ በር ከፍቷል። ከአቤቱታው ጋር የልደት የምስክር ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔው ግልባጭና የሐኪም ማስረጃ ይያያዛሉ። የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 በ90 ቀን ውስጥ መከናወን ያለበት ነው፤ የብዙ ሰው ጉዳይ ችሎት ላይ የሚቆመው ይህ ስላልተሠራ ነው።

የሐኪሙ ማስረጃ ደካማ ሲሆን ጉዳዩ ይጎተታል። «ሕፃኑ ክትትል ያስፈልገዋል» የሚል ወረቀት ለዳኛ ምንም አይነግርም። የሕመሙ ዓይነት፣ የታሰበው ሕክምና፣ መደረግ ያለበት የመጨረሻ ጊዜ፣ ቢዘገይ የሚከተለው ጉዳትና ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩ ማኅተም ባለው ወረቀት መጻፍ አለበት። ይህ ሳይሆን ሲቀር ፍርድ ቤቱ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልስ ይጠበቃል፣ አንድ ቀጠሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ስህተት ከጠበቆች የሚመጣ ነው። ጥያቄው «ይህ ቀዶ ሕክምና ይደረግ፣ አንዱ ወላጅ ብቻውን እንዲፈርም ይፈቀድ» መሆን ሲገባው «የማሳደግ መብቱ ይዛወርልኝ» ተብሎ ይከፈታል። የመጀመሪያው በአንድ የሐኪም ወረቀት ላይ ሊወሰን የሚችል ጠባብ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የምስክሮች፣ የቤት ጥናትና የወራት ክርክር ነው። ሕፃኑ በዚህ መሃል ያድጋል፤ አጥንቱም አብሮ ይጠነክራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 የሕፃኑን ጥቅም ያስቀድማል፤ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም.፣ የወላጅ ሞግዚትነት እንኳ ለሕፃኑ ጥቅም ቦታ እንዲለቅ ወስኗል። ይህ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ በጠባቡ አቤቱታ ላይ መጥቀስ ይጠቅማል። በክረምቱ የፍርድ ቤት እረፍትም አስቸኳይ ጉዳይ የሚያይ ተረኛ ችሎት ስላለ «ጥቅምት ይምጣ» ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌላት እናት የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ትወቅ፤ አባቶችም ሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ።

ለዳኞች አንድ ልመና አለን፦ በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት ሕፃን ካላቸው፣ ስምምነቱን ከማጽደቅ በፊት «ሕፃኑ ቢታመም ማን ይወስናል?» ብሎ መጠየቅ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

የቀሩት ከወላጆቹ አንዱ ዐረብ አገር ወይም ቤይሩት የሚሠራበት ቤተሰቦች ናቸው። እናት ሕፃኑን ለእናቷ ትታ ሄዳ፣ አባት ደግሞ አገር ውስጥ ካለ፣ አያትየዋ ሆስፒታል ስትደርስ የምትፈርምበት ወረቀት የላትም። ለቤት ጉዳይ የተሰጠ ጠቅላላ ውክልና እዚህ ላይ ያከራክራል። ልዩ ውክልና ውስጥ «ሕፃኑን ማሳከም፣ የቀዶ ሕክምናና የማደንዘዣ ስምምነት መፈረም፣ የሕክምና ማስረጃ መቀበል» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ውክልናው በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ላይ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። በአሠሪ ቤት የምትኖር ሴት ቆንስላ ለመሄድ ፈቃድ የምታገኝበት ቀን በእጇ ስላልሆነ ይህን ሕፃኑ ከመታመሙ በፊት ማድረግ አለባት። እናት በውክልና የምታስተላልፈው የራሷን ሥልጣን ብቻ ነው፤ አገር ውስጥ ያለው አባት ሥልጣን በዚህ ወረቀት አይነካም። ስለዚህ የወረቀቱ አንድ ግልባጭ ለእሱም ይድረሰው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕፃናት ነርስና አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ
አዲስ አበባ